የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች በአሜሪካ የምርጫ ውዝግብና የድምፅ ዳግም ቆጠራ ያላቸው ሚና

በዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ለፕሬዚዳንት፣ ለሴኔት አባል ወይም ለክፍለ ግዛት ገዥ የተሰጠ ድምፅ አከራካሪ በሚሆንበት ጊዜ፣ ጉዳዩን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚመለከተው ምርጫው የተካሄደበት ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ነው።

ፍርድ ቤቶቹ በመርህ ደረጃ ድምፅ ቆጣሪዎች አይደሉም። የትኛው ወረቀት እንደ ሕጋዊ ድምፅ ሊያዝ እንደሚገባ፣ ቆጠራው በየትኛው ቀን መጠናቀቅ እንዳለበት፣ ተፈጽሟል የተባለው ስህተት ውጤቱን የሚለውጥ ስለመሆኑ የማስረዳት ሸክም በማን ላይ እንደሚወድቅ ይወስናሉ። እ.ኤ.አ ከ1960 እስከ 2025 በስድስት ክፍለ ግዛቶች የታዩ ክርክሮች እንደሚያመለክቱት፣ ውሳኔያቸው የበለጠ ተቀባይነት የሚያገኘው ከምርጫው ቀን በፊት የታወቀን ደንብ ለሁሉም መራጭ በእኩልነት ሲያስፈጽሙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥልጣኑ ከየት ይመነጫል?

በኢትዮጵያ ምርጫን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚያስፈጽም አንድ ብሔራዊ የምርጫ ቦርድ ያለ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ለፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እንኳ ድምፅ የሚያስቆጥርና ውጤት የሚያጸድቅ እንዲህ ዓይነት ማዕከላዊ ተቋም የለም። 50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የምርጫ ሕግ፣ የየራሳቸው አስፈጻሚ አካልና የየራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያከናውኑት ደግሞ ካውንቲ በመባል የሚታወቁት የአካባቢ አስተዳደሮችና ከተሞች ናቸው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንደኛ አንቀጽ የምክር ቤት አባላት ምርጫ የሚካሄድበትን ጊዜ፣ ቦታና ሥርዓት እንዲወስኑ ለክፍለ ግዛት ሕግ አውጪዎች ሥልጣን የሰጠ ሲሆን፣ የፌዴራሉ ምክር ቤት ይህንኑ በሕግ ሊያሻሽል እንደሚችል ደንግጓል። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ተወካዮች የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ በሚወስነው መንገድ እንዲሰየሙ ያዛል። ሕጉን የሚያወጣው ክፍለ ግዛቱ በመሆኑም፣ ሕጉ ሲያሻማ የመተርጎሙ ኃላፊነት የሚወድቀው በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ላይ ነው።

ይሁንና ሥልጣኑ ገደብ አለው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ለዜጎች ያረጋገጠው የእኩል ጥበቃና የሥነ ሥርዓት መብት ተጥሷል የሚል አቤቱታ ሲቀርብ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጣልቃ ሊገቡ ይችላሉ። የሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫን በሚመለከትም፣ እያንዳንዱ ምክር ቤት በአባላቱ ምርጫ ላይ የመጨረሻ ፈራጅ እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ ይደነግጋል።

ከዳግም ቆጠራ እስከ ችሎት

ዳግም ቆጠራና የምርጫ ክስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዳግም ቆጠራ የአስተዳደር ሥራ ሲሆን፣ በበርካታ ክፍለ ግዛቶች በተወዳዳሪዎች መካከል ያለው ልዩነት በሕግ ከተወሰነው መቶኛ በታች ሲሆን ያለማንም ጥያቄ ይጀመራል። ልዩነቱ ከዚያ ከፍ ካለም፣ በአንዳንዶቹ ተሸናፊው ወይም ፓርቲው ወጪውን ሸፍኖ ሊያስቆጥር ይችላል።

የምርጫ ክስ ግን የፍርድ ቤት ክርክር ነው። ከሳሹ አንድ ስህተት መፈጸሙን ማሳየት ብቻ ሳይሆን፣ ስህተቱ ውጤቱን የሚለውጥ ወይም አጠራጣሪ የሚያደርግ መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ክሱ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው፤ አሸናፊው ቃለ መሐላ የሚፈጽምበት ወይም መራጭ ተወካዮች የሚሰበሰቡበት ቀን አስቀድሞ የተቆረጠ በመሆኑ፣ ዳኞች በሌላ ጊዜ ወራት የሚወስድን ጉዳይ በቀናት ውስጥ ለመወሰን የሚገደዱበት ጊዜ አለ።

ሃዋይ፣ 1960

የፍርድ ቤት ቆጠራ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫን የአንድ ክፍለ ግዛት ውጤት ሊቀለብስ እንደሚችል ካሳዩት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ በሃዋይ የተፈጸመው ነው። በ1959 ክፍለ ግዛት የሆነችው ሃዋይ በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ስትሳተፍ፣ ሪቻርድ ኒክሰን ጆን ኬኔዲን ከ150 ባነሰ ድምፅ እንደበለጡ ተገልጾ ውጤቱ ጸድቆ ነበር።

ዴሞክራቶች ለክፍለ ግዛቱ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አቤቱታ በማቅረባቸው ዳኛው ዳግም ቆጠራ አዘዙ። ቆጠራው ሳይጠናቀቅ መራጭ ተወካዮች የሚሰበሰቡበት ዲሴምበር 19 በመድረሱ የሁለቱም ፓርቲ ተወካዮች በየፊናቸው ድምፃቸውን ሰጥተው ወደ ዋሽንግተን ላኩ። ዳኛው በዲሴምበር 30 ኬኔዲ በ115 ድምፅ ማሸነፋቸውን ወሰኑ። ጃኑዋሪ 6 ቀን 1961 የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በምክትል ፕሬዚዳንትነታቸው የመሩት ኒክሰን ራሳቸው የሃዋይ ሦስት ድምፆች ለተፎካካሪያቸው እንዲቆጠሩ አደረጉ። የአገሪቱ ጠቅላላ ውጤት በሃዋይ ላይ የተንጠለጠለ ስላልነበረም ውሳኔው ሌላ ውዝግብ አላስከተለም።

ፍሎሪዳ፣ 2000

ከአርባ ዓመት በኋላ በፍሎሪዳ የተፈጠረው ሁኔታ ግን ፍጹም የተለየ ነበር። ኖቬምበር 7 ቀን 2000 በተካሄደው ምርጫ የፍሎሪዳን 25 የመራጭ ተወካዮች ድምፅ ያገኘ ተወዳዳሪ ፕሬዚዳንት የሚሆን ሲሆን፣ ወደ 6 ሚሊዮን ከሚጠጋው ድምፅ ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን የበለጡት በመጀመሪያው ቆጠራ በ1,784 ብቻ ነበር። ልዩነቱ ከግማሽ መቶኛ በታች በመሆኑ በክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት በመሣሪያ ዳግም ቆጠራ ተደርጎ ልዩነቱ ይበልጥ ጠበበ። አል ጎርም በአራት ካውንቲዎች ድምፁ በእጅ እንዲቆጠር ጠየቁ።

የውዝግቡ መንስኤ በብዙ አካባቢዎች ጥቅም ላይ የዋለው በመብሻ የሚበሳ የድምፅ መስጫ ካርድ ነበር። መራጩ በመረጠው ሰው ስም ትይዩ ካርዱን ሲበሳ ትንሿ የወረቀት ቁራጭ ሙሉ በሙሉ ካልወደቀች፣ መሣሪያው ካርዱን ባዶ አድርጎ ያነበዋል። የፍሎሪዳ ሕግ የመራጩ ፍላጎት በግልጽ የሚታወቅበት ካርድ እንዲቆጠር ያዛል፤ በአንድ ጥግ የተንጠለጠለች ወይም የጎደጎደች ብቻ ቁራጭ የመራጩን ፍላጎት ታሳያለች ወይስ አታሳይም ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም። በመሆኑም በአንዱ ካውንቲ የተቆጠረ ካርድ በሌላው ውድቅ ይደረግ ነበር።

የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 21 ቆጠራው የሚጠናቀቅበትን ቀን እስከ ኖቬምበር 26 አራዘመ። በዚያው ዕለት ቡሽ በ537 ድምፅ ማሸነፋቸው በይፋ ጸደቀ። አል ጎር ውጤቱን በመቃወም ያቀረቡት ክስ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቢወድቅም፣ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 8 በአራት ለሦስት ድምፅ ውሳኔውን ሽሮ፣ መሣሪያዎች ድምፅ አላነበቡባቸውም የተባሉ ካርዶች በመላው ክፍለ ግዛት በእጅ እንዲቆጠሩ አዘዘ።

ቆጠራው በታዘዘ ማግስት የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእግድ ትዕዛዝ ሰጠ። በዲሴምበር 12 በሰጠው ውሳኔም ከዘጠኙ ዳኞች ሰባቱ፣ ወጥ መለኪያ ሳይኖር የሚካሄድ ቆጠራ የመራጮችን የእኩል ጥበቃ መብት የሚመለከት የሕገ መንግሥት ችግር እንዳለበት ተስማሙ። አምስቱ ደግሞ አዲስ መለኪያ አውጥቶ ለመቁጠር የቀረ ጊዜ የለም በማለታቸው ቆጠራው ቀረ። አል ጎር በማግስቱ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ፤ ቡሽም በ271 ለ266 የመራጭ ተወካዮች ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

የዜና ተቋማት ስብስብ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ የጥናት ማዕከል አማካይነት አከራካሪዎቹን ካርዶች አስመርምሮ በኖቬምበር 2001 ይፋ ያደረገው ውጤት መለኪያው ምን ያህል ወሳኝ እንደነበር አሳይቷል። አል ጎር በጠየቁት ወይም የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባዘዘው ስፋት ቢቆጠር ኖሮ ቡሽ እንደሚያሸንፉ፣ በክፍለ ግዛቱ ውድቅ የተደረጉት ካርዶች በሙሉ ቢመረመሩ ግን አል ጎር በጥቂት ድምፅ ሊበልጡ ይችሉ እንደነበር ጥናቱ አመልክቷል። ፍሎሪዳ በ2001 በመብሻ የሚበሱ ካርዶችን በሕግ ያስቀረች ሲሆን፣ የፌዴራሉ ምክር ቤትም በ2002 ክፍለ ግዛቶች መሣሪያዎቻቸውን እንዲቀይሩ የሚረዳ ሕግ አጽድቋል።

ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ 2004

ስህተት መፈጸሙ ተረጋግጦም ውጤቱ ሊጸና የሚችልበትን ሁኔታ በግልጽ ያሳየው በስተምዕራብ ጫፍ በምትገኘው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የተካሄደው የገዥነት ምርጫ ነው። ወደ 2.8 ሚሊዮን ከሚጠጋው ድምፅ የሪፐብሊካኑ ዲኖ ሮሲ በመጀመሪያው ቆጠራ በ261፣ በመሣሪያ በተደረገው ዳግም ቆጠራ ደግሞ በ42 ድምፅ መሩ። የዴሞክራቲክ ፓርቲ ወጪውን አስይዞ በእጅ ባስቆጠረው ሦስተኛ ቆጠራ ግን ክርስቲን ግሬጎር በ129 ድምፅ አሸናፊ ሆኑ።

በዚህ መካከል የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ውሳኔዎችን አሳልፏል። የመጀመሪያው፣ ቀደም ሲል ውድቅ የተደረጉ ድምፆች ሁሉ እንደገና ይታዩ የሚለውን የዴሞክራቶች ጥያቄ ያልተቀበለበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሲያትልን በሚያጠቃልለው ኪንግ ካውንቲ፣ በሠራተኞች ስህተት ውድቅ የተደረጉ ከ700 በላይ ድምፆች ሊቆጠሩ ይችላሉ ያለበት ነው። የእነዚህ መራጮች ፊርማ በኮምፒውተር መዝገብ ባለመገኘቱ ድምፃቸው የተጣለ ሲሆን፣ ስህተቱ የታወቀው የካውንቲው ምክር ቤት ሊቀመንበር የራሳቸው ድምፅ ከተጣሉት መካከል እንደሆነ በደረሱበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች አንደኛቸው አንዱን፣ ሌላኛቸው ሌላውን ፓርቲ ጠቅመዋል።

ሪፐብሊካኖች ያቀረቡት ክስ በቼላን ካውንቲ ፍርድ ቤት በዳኛ ጆን ብሪጅስ ታየ። ዳኛው ጁን 6 ቀን 2005 በሰጡት ውሳኔ፣ በከባድ ወንጀል ተፈርዶባቸው የመምረጥ መብታቸው ያልተመለሰላቸውን ሰዎች ጨምሮ 1,678 ሕገ ወጥ ድምፆች መሰጠታቸውን አረጋገጡ። ቁጥሩ ከአሸናፊነት ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ቢሆንም፣ ድምፆቹ ለማን እንደተሰጡ አልተረጋገጠም። ከሳሾቹ ሕገ ወጦቹ ድምፆች በየአካባቢው ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ባገኙት መቶኛ መጠን እንዲቀነሱ ያቀረቡትን ስሌት ዳኛው ውድቅ አደረጉ። ለማን እንደተሰጡ በማስረጃ የተረጋገጡት አራት የሮሲ ድምፆች በመቀነሳቸውም የግሬጎር ብልጫ ወደ 133 ከፍ አለ። ሮሲ ይግባኝ አልጠየቁም፤ ክርክሩም በዚሁ ተዘጋ።

ሚኒሶታ፣ 2008

በሚኒሶታ በሴኔት መቀመጫ ላይ የተካሄደው ክርክር ከስድስት ወራት በላይ የፈጀ ቢሆንም፣ በግልጽነቱ በአርአያነት ሲጠቀስ ቆይቷል። ወደ 2.9 ሚሊዮን ከሚጠጋው ድምፅ ተመራጩ ሴናተር ኖርም ኮልማን አል ፍራንከንን በ215 ብቻ በመብለጣቸው በሕጉ መሠረት ሁሉም ድምፅ በእጅ እንዲቆጠር ተደረገ።

አከራካሪ ወረቀቶችን የመረመረው የውጤት አጣሪ ቦርድ ከክፍለ ግዛቱ የምርጫ ኃላፊ ሌላ ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤትና ሁለት የሥር ፍርድ ቤት ዳኞች ነበሩበት። የክፍለ ግዛቱ ሕግ የመራጭ ፍላጎት እንዴት እንደሚለይ አስቀድሞ በዝርዝር የደነገገ ሲሆን፣ ቦርዱም ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በአደባባይ አየ። ሕዝቡ ሥራውን በቀጥታ ሥርጭት ይከታተል ነበር።

ያለአግባብ ውድቅ ተደርገዋል የተባሉ በፖስታ የተላኩ ድምፆችን በሚመለከት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለቱ ወገኖችና የምርጫ ኃላፊዎች የተስማሙባቸው ብቻ እንዲከፈቱ አዘዘ። በዚህ መሠረት 933 ድምፆች ሲቆጠሩ 49 የነበረው የፍራንከን ብልጫ ወደ 225 አደገ። ኮልማን የመሠረቱትን ክስ የተመለከተው ሦስት ዳኞች ያሉት ችሎት ከጃኑዋሪ 26 ቀን 2009 ጀምሮ ምስክሮች ሰምቶ ተጨማሪ 351 ድምፆች እንዲቆጠሩ አደረገ። በኤፕሪል 13 ፍራንከን በ312 ድምፅ ማሸነፋቸውን ወሰነ።

ኮልማን በየካውንቲው በፖስታ የተላከ ድምፅ የተስተናገደበት መንገድ ይለያያል በማለት የፍሎሪዳውን ውሳኔ ጠቅሰው ይግባኝ አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 30 አምስት ለዜሮ በሆነ ድምፅ ይግባኙን ውድቅ አደረገው። በፖስታ ድምፅ የሚሰጥ መራጭ የሕጉን መስፈርቶች ማሟላት እንዳለበትና በአሠራር የሚፈጠር ልዩነት ብቻውን የእኩልነት መብት ጥሰት እንደማይሆን ገልጿል። በአጣሪ ቦርዱ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ዳኞች ከችሎቱ ራሳቸውን አግልለው ነበር። ኮልማን ውሳኔውን በዚያው ዕለት ተቀበሉ። ፍራንከን ጁላይ 7 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ለዴሞክራቶች 60ኛውን የሴኔት ድምፅ አስገኙ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 24 የጤና መድን ሕጉ በሴኔት ያለፈውም በ60 ድምፅ ነበር።

የጊዜ ጉዳይ፦ 2020

በ2020 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ማግስት ከቀረቡት በርካታ ክሶች መካከል የዊስኮንሲኑ ለጊዜ ጉዳይ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ዶናልድ ትራምፕ ወጪውን ሸፍነው በሁለት ካውንቲዎች ያስደረጉት ዳግም ቆጠራ የጆ ባይደንን ብልጫ በ87 ድምፅ ከመጨመር ያለፈ ለውጥ አላመጣም። ትራምፕ ከዚያ በኋላ በእነዚሁ ካውንቲዎች ብቻ የተሰጡ ከ220 ሺህ በላይ ድምፆች እንዲሰረዙ ጠየቁ።

የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መራጭ ተወካዮች በሚሰበሰቡበት በዲሴምበር 14 በአራት ለሦስት ድምፅ ክሱን ውድቅ አደረገ። አብዛኞቹ አቤቱታዎች ከምርጫው በፊት በሥራ ላይ የነበሩ አሠራሮችን የሚነቅፉ በመሆናቸው አስቀድመው መቅረብ ነበረባቸው ሲል ወስኗል። ደንቡን አምኖ ድምፁን የሰጠ መራጭ፣ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ በሚቀርብ ተቃውሞ ድምፁን ሊያጣ አይገባም የሚለው ሐሳብ የውሳኔው መሠረት ነበር።

ሰሜን ካሮላይና፣ 2024

ይኸው ሐሳብ ከአራት ዓመት በኋላ በሰሜን ካሮላይና እንደገና የተፈተነ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ አከራካሪው መቀመጫ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዳኝነት ወንበር ነበር። በክፍለ ግዛቱ ዳኞች በሕዝብ የሚመረጡ ሲሆን፣ በኖቬምበር 2024 ዳኛ አሊሰን ሪግስ ከ5.5 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ድምፅ ጄፈርሰን ግሪፈንን በ734 አሸነፉ። ሁለት ዳግም ቆጠራዎችም ይህንኑ አረጋገጡ።

ግሪፈን ከ60 ሺህ በላይ ድምፆች እንዲሰረዙ ጠየቁ። አብዛኞቹ በምዝገባ መዝገባቸው ላይ የመንጃ ፈቃድ ወይም የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር አይታይም የተባሉ መራጮች ሲሆኑ፣ የተቀሩት በውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎችና ወታደሮች በፖስታ የላኳቸው ናቸው። በውጭ የሚኖሩት የመታወቂያ ቅጂ እንዲልኩ የምርጫ ቦርዱ አልጠየቃቸውም ነበር።

የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 11 ቀን 2025 በምዝገባ ጉድለት የተከሰሱት ድምፆች እንዲቆጠሩ ወሰነ። ስህተቱ የአስፈጻሚዎቹ እንጂ የመራጮቹ አይደለም ብሏል። በአንጻሩ በጥቂት ካውንቲዎች የተመዘገቡ የውጭ አገር ነዋሪዎች በ30 ቀን ውስጥ ማንነታቸውን ካላረጋገጡ ድምፃቸው እንዲሰረዝ አዘዘ። ዳኛ ሪግስ በክርክሩ አልተሳተፉም።

ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት አምርቶ፣ በፕሬዚዳንት ትራምፕ የተሾሙት ዳኛ ሪቻርድ ማየርስ በሜይ 5 የክፍለ ግዛቱን ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሽረዋል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ደንቡን መቀየር የመራጮችን ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሚጥስ ተመልክቷል። ግሪፈን ከሁለት ቀን በኋላ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ፤ ሪግስም ከምርጫው ስድስት ወር ዘግይተው በሜይ 13 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

የሥልጣኑ ወሰን

የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች በፌዴራል ምርጫ ሕግ ላይ የሚኖራቸውን ሥልጣን የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2023 በሰሜን ካሮላይና የምርጫ ክልል አከላለል ጉዳይ መርምሯል። የክፍለ ግዛት ሕግ አውጪዎች በፌዴራል ምርጫ ላይ የሚያወጡት ሕግ በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ሊታይ አይገባም የሚለውን ክርክር በስድስት ለሦስት ድምፅ አልተቀበለም። ይሁንና ፍርድ ቤቶቹ ከተለመደው የዳኝነት ሥራ ወሰን አልፈው የሕግ አውጪውን ሥልጣን መውሰድ እንደማይችሉ አስጠንቅቋል።

በዲሴምበር 2022 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ክፍለ ግዛቶች መራጭ ተወካዮቻቸውን በምርጫው ቀን በሥራ ላይ በነበረው ሕግ መሠረት እንዲሰይሙ ያስገድዳል። በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የተሻሻለ የተወካዮች ማረጋገጫ የቀድሞውን እንደሚተካም ደንግጓል። በ1960 የሃዋይ ሁለት የተወካዮች ቡድኖች በየፊናቸው ድምፅ እንዲሰጡ ያደረገው ክፍተት በዚህ ሕግ መልስ ያገኘው ከስድሳ ሁለት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።